ቢጫ የወጣው አረንጓዴ አበባ

ሥራ የጀመርኩት ወልቂጤ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር ጋሽ ኃይሌ የሚባል ማስታወቂያ ጻፊ በነበረው ባለ አንድ በር ሱቅ ውስጥ። የመጀመሪያ ቀኔ ሰኞ ነበር። ጢም ያላወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ብርዕ መያዝ ግን አውቅ ነበር። ቁርአን ቤት በእንጨት ሉህ ላይ እየጻፍኩ ነው ያደግሁት። ያን ቀንም የቁርአን ቤቱን የመቃ ብርዕ በኪሴ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ጋሽ ኃይሌ ወረቀት ሰጠኝና ስሜን እንድጽፍ አዘዘኝ። ሸምሱ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አንስቶ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዘነበለው።

«ይሄ ፊደል ምን ሆኖ ነው የሚያነክሰው?» አለኝ። «መኪና ገጭቶታል?»

ብርዔን ተቀብሎ አፉን አየው። የእኛ የቁርአን ቤት ብርዕ አፉ በሰያፍ ነው የሚቆረጠው። በሱ ሲጻፍ የፊደሉ እግር መሬት ላይ ሲደርስ በአንድ ጎኑ ሹል ሆኖ ይቀራል። የጋሽ ኃይሌ ብርዕ አፉ ቀጥ ያለ ነው፤ እግሩ እንደ ጣውላ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ያርፋል። በምላጭ አዲስ ብርዕ ቆርጦ ሰጠኝና የኔን እንድጥለው ነገረኝ። እሺ አልኩ፤ ግን አልጣልኩትም። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

በዚያ ሱቅ ማዕረግ ነበር። ከሁሉ በታች መስመር አስማሪ ነው፤ በእርሳስና በክር መስመር ያወጣል። ከሱ በላይ ቀለም ሞይ አለ፤ ሌላ ሰው የነደፈውን ፊደል ይሞላል። ከላይ ጻፊ ነው። እኔ ሁለት ዓመት አሰመርኩ፣ ሦስት ዓመት ሞላሁ። ጻፊ ያደረገኝ ቀን ጋሽ ኃይሌ ብርዑን አስይዞኝ ምሳውን ሊበላ ወጣ።

የሠርግ ጥሪ ያኔ በሰም ወረቀት ነበር የሚባዛው። በብረት ብዕር ሰሙን እየፋቅን እንጽፋለን፤ ከዚያ ማባዣው በእጅ ይዞራል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወረቀቱ በሙሉ ይጣላል። እኔ ሰው ሲያገባ ደስ ይለኛል፤ ከሱቅ ማስታወቂያ ይልቅ እሱን እመርጥ ነበር። ጋሽ ኃይሌም ይህን አይቶ የሠርጉን ሥራ ለኔ ተወው።

እሱ ካረፈ በኋላ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። ብዙ ዓመት ሰሌዳና የመኪና በር ጻፍኩ። ከዚያ የፕላስቲክ ባነር መጣና የብሩሽ ሥራ ቀረ። ቤቴ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ዘይነባ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ወንድ እንደ ዝናብ ቀን ነው፣ ለማንም አይመችም ትለኝ ነበር።

ያዳነኝ የሙሽሮች ምርጫ ነው። የኮምፒውተር ፊደል የሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ሆነባቸውና በእጅ የተጻፈ መፈለግ ጀመሩ። ልጄ ሐያት ወልቂጤ አስተማሪ ናት፤ ለእረፍት ስትመጣ አንድ ፕሪንተር በታክሲ ጭና አመጣች። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከብፌው አጠገብ ተቀመጠ። ዘይነባ የጠረጴዛ ልብስ ሠራችለት።

አሠራሩ ይህ ነው። ጥሪውን በወፍራም ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እጽፋለሁ፤ ካርዱ ላይ ከሚወጣው ሁለት እጥፍ አድርጌ። ትልቁ ሲያንስ የእጅ መንቀጥቀጥ ይደበቃል፤ ይህንም ያስተማረኝ ጋሽ ኃይሌ ነው። ሲደርቅ ሐያት በስካነር ታነሳዋለች፤ በኮምፒውተሯ አሳንሳ፣ ከላይ አበባ አድርጋ ታስተካክልልኛለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ነው። የካርዱ ካርቶን ወፍራም ስለሆነ በብዛት ከሰጡት ማሽኑ ይነክሰዋል፤ አንድ አንድ አጎርሰዋለሁ። በአንድ ቅጠል ካርቶን ሁለት ጥሪ ይወጣል። በብረት ማስመሪያና በምላጭ እቆርጠዋለሁ። እጥፋቱን ለማስተካከል ግን ከቀንድ ማንኪያ ጀርባ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ዘይነባ ክትፎ የምታቀርብባቸው ስድስት ማንኪያዎች ነበሯት፤ አሁን አምስት ናቸው።

የእንግዳውን ስም አላትመውም፤ ፊት ለፊት፣ ከአበባው ሥር በእጄ እጽፈዋለሁ። ስም ሲጠራልኝ በቀጥታ ካርዱ ላይ ነው የማሰፍረው፤ ዝርዝር የሚባል ሌላ ወረቀት የለም። ከዚያ ሰሌን ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።

አሁን ስለ አበባው ልናገር። በኛ አገር አንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ሠርግ ሲደገስ ሁለት በሬ በሁለት ሰው ይታረዳል፤ ሁለት ድንኳን ይተከላል። ችግሩ በር ላይ ነው። እንግዳን ሃይማኖቱን እየጠየቁ ማስገባት ነውር ነው፤ በስም ደግሞ ሁሌ አይለይም። ስለዚህ እኔ አንድ ዘዴ አመጣሁ። የሙስሊም እንግዳ ካርድ አበባው አረንጓዴ፣ የክርስቲያኑ ቢጫ። አስተናጋጁ ካርዱን አይቶ በዝምታ ያስገባል። ሰው ወደደው። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንግዳው ራሱ «ይህ ሥጋ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተወ። አበባውን አምኖ ይቀመጣል፤ አበባውን አምኖ ይጎርሳል።

ይህ እምነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት በወልዴ ልጅ ሠርግ ነው።

ወልዴ ቡታጅራ ውስጥ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ነው። የአባቱ ወገን ክርስቲያን፣ የእናቱ ወገን ሙስሊም ነው። የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሲድር አራት መቶ ጥሪ አዘዘኝ። የክርስቲያኖቹን ስም ባለቤቱ ጠራችልኝ። የሙስሊሞቹን የየአገሩ ሽማግሌ ነው የጠራው፤ አንዱ ከእንሴኖ፣ አንዱ ከጉንችሬ መጥቶ የየሰፈሩን ጠርቶልኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ደክሞ ነበር። ዓለም ሻይ የተደፋባት መስላ መታየት ከጀመረች ወራት አልፈዋል። ለማንም አልተናገርኩም። ሐያት ካወቀች ብርዑን ትቀማኛለች ብዬ ፈራሁ። ጥቁርና ነጭ አይጠፋኝም፤ ፊደሌም አልተበላሸም። 

ሐያት ሥራውን አሰናድታልኝ ወደ ወልቂጤ ተመለሰች። ቢጫዎቹን ጨርሼ አረንጓዴዎቹን ጀመርኩ። ሩቡን እንዳወጣሁ ማሽኑ ላይ ያለች መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ደከመው ብዬ እንደ በቅሎ አሳረፍኩት፤ ጨርቅ አልብሼው ሶላቴን ሰገድኩ። ስመለስም ብልጭ ትላለች። ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ቁልፏን ተጫንኩና ቀጠልኩ። ማሽኑም አልተቃወመኝም፤ ሲያወጣ ዋለ። ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ ስም ጻፍኩ። የወልዴ ወንድም ተካ መጥቶ በሁለት እስር ወሰደው። ከላይ ያሉት ካርዶች የደህናው ጊዜ ስለነበሩ እሱም ምንም አላየም።

ሠርጉ እሁድ ሊሆን አርብ ዕለት ከጁምዓ ስንወጣ ሐጂ ኑሪ መስጊዱ በር ላይ ያዘኝ። ሐጂ ኑሪ የእንሴኖ ሰው ነው፤ በርበሬ ይነግዳል፤ ቀልድ አያልቅበትም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሸምሱ» አለኝ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ።»

ካርዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። «መቼ ነው ክርስትና ያነሳኸኝ? ስሜንስ ማን አላችሁት?»

እኔ ሳቅሁ። ካርዱን ተቀብዬ አየሁት፤ አረንጓዴ መስሎ ታየኝ። ከፀሐይ ላድርገው ብዬ ወጣ አልኩ። አሁንም አረንጓዴ መሰለኝ፤ «አረንጓዴ ነው እኮ» አልኩት። ሐጂ ግን ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀረ፤ እኔ እንደማልቀልድ ገባው።

ቤት ስደርስ ሐያት ለሠርጉ መጥታለች። ካርዱን ሰጥቻት ቀለሙን ጠየቅኋት።

«ቢጫ ነው፣ አባዬ።»

«በደንብ እዪው።»

«ቢጫ ነው። አንተ ምን ይመስልሃል?»

ካርዱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። እሷ ወደ ማሽኑ ሄዳ ከፈተችው። ሰማያዊው ቀለም አልቋል። አረንጓዴ ለብቻው ቀለም የለውም፣ ማሽኑ ከሰማያዊና ከቢጫ ነው የሚሠራው፣ ሰማያዊው ሲያልቅ ቢጫው ብቻ ይወጣል አለችኝ። ያቺ መብራት የነገረችኝ ይህንን ነበር።

ቁጭ አልኩ። በየመንደሩ ቢጫ ካርድ የያዙ ሙስሊሞች አሉ። እሁድ ይመጣሉ። ካርዱ ወደ ክርስቲያኑ ድንኳን ይመራቸዋል፤ እነሱም አበባዬን አምነው ያልተፈቀደላቸውን ይበላሉ። ሐጂ ኑሪ ቀልደኛ ስለሆነ ቀለሙን ልብ አለው። ሌላው ለምን ያየዋል? እንደገና ልናትም ብንል ቀለሙ የሚገኘው አዲስ አበባ ከተማ ነው፤ ብናትምስ በአንድ ቀን ማን ያዳርሰዋል?

ሐያትን ይዤ ወደ ወልዴ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የድንኳን ብረት ይተከላል፤ ወልዴ ራሱ ገመድ ይስባል። አንድ ጥግ ጠርቼ ነገርኩት።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

«አላውቅም። መቶም ይሆናሉ።»

«እንዴት አላየኸውም፣ ጋሽ ሸምሱ?»

እዚህ ላይ ማሽኑን ማማረር እችል ነበር። ሐያት አጠገቤ ቆማለች።

«ዓይኔ ነው» አልኩት። «ቀለም መለየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ደብቄ ነው።»

ወልዴ በእጁ የያዘውን ገመድ ለቀቀ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ እንዲህ አለ፦ «የእናቴን ዘመዶች በር ላይ አቁሜ እናንተ ምንድን ናችሁ ብዬ ልጠይቅ? ወይስ ልጄን የዳርኩ ቀን የተከለከለ ላብላቸው? ከሁለቱ የቱን ልምረጥ?»

ስድብ አልጨመረም፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ተካ አንድ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። ከፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ ያልተሰጠ የአንድ ክርስቲያን ጎረቤት ካርድ ነበር። የሐጂ ኑሪን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ ከጎኑ አደረግሁት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ሰው ሲጨንቀው እጁ ሥራ ይፈልጋል። ሁለቱም አበባ ለኔ አንድ ነው። ዓይኔ ወደ ስሞቹ ወረደ።

የፊደሎቹ እግር ይለያያል።

የጎረቤቱ ስም እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ጣውላ ጫፍ። የሐጂ ኑሪ ስም እግሩ በአንድ ጎን ሹል ነው። ጋሽ ኃይሌ «ያነክሳል» ያለው ያ ፊደል ነው። የቁርአን ቤቱ ብርዕ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ አፉ ሲያልቅ እየቆረጥኩት፣ መቃው ሲያልቅ በዚያው ልክ ሌላ እያወጣሁ። እነ ከድርን፣ እነ ሙሐመድን፣ እነ ፋጡማን መጀመሪያ የጻፍኩት በሱ ነው። ሽማግሌዎቹ የሙስሊሞቹን ስም ሊጠሩልኝ ሲቀመጡ እጄ ሳልነግረው እሱን ያነሳል። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የሚነገር ነገርም አይመስለኝም ነበር።

«ወልዴ፣ እለያቸዋለሁ» አልኩት። «አበባውን ተወው። ስሙን ካየሁ እለያቸዋለሁ።»

ተካ አላመነም። ዓይኔ አያይም ያለ ሰው እንዴት ይለያል አለ፤ እውነቱን ነው። ከቤት ያልተሰጡ፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች ካርዶች ሰብስቦ አመጣ። የሐጂውንም፣ የጎረቤቱንም ቀላቀለበት። አበባውን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ አንድ በአንድ አሳየኝ። ሙስሊም፣ ክርስቲያን፣ ክርስቲያን፣ ሙስሊም እያልኩ ሄድኩ። አንዱንም አልሳትኩም። ጥቁርና ነጭ አላጣሁም፤ ያጣሁት ቀለሙን ነው።

ወልዴ መጨረሻ ላይ ገመዱን አነሳ። «እሁድ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ያንተ ነው» አለኝ። 

እሁድ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ተካ ከጎኔ ነው። እንግዳ ሲመጣ ካርዱን በሁለት እጄ እቀበላለሁ፤ የፊደሉን እግር አያለሁ፤ ስሙን ጮክ ብዬ አነባለሁ። «እንኳን ደህና መጡ አቶ በርጋ፤ በግራ በኩል።» «እንኳን ደህና መጣህ ከድር፤ በቀኝ በኩል።» ከካርዱ ቀና ሳልል ስቆም ወገቤ ዛለ። ሐያት ውኃ ይዛ አንዴ መጣች። አልጠጣሁም፤ እጄ ከረጠበ የስሙ ቀለም ይፈርሳል።

ረፋዱ ላይ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን መጡ። ካርዳቸው ላይ ወይዘሮ በለጡ ይላል። አበባው ቢጫ ነው፤ ተካ ነው በኋላ የነገረኝ። በለጡ የሚባል ስም ደግሞ በኛ አገር የሁለቱም ወገን ነው። ተካ ከአፌ ቀደመና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ግራ መራቸው። ሦስት እርምጃ ሄደዋል። ካርዱ ላይ የፊደሉን እግር አየሁት፤ ሹል ነው።

«ተካ፣ እናታችን በቀኝ ናቸው» አልኩ።

ተካ ቆመ። እሳቸውም ቆሙ፤ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ።

«ወዴት ልሂድ ታዲያ?» አሉ። «እኔ እንደሆንኩ ካርዱን ነው የማምነው፣ ልጄ። ካርዱ ባይኖር ከቤቴም አልወጣ።»

«በቀኝ ነው፣ እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

መርቀውኝ ገቡ። ተካ ከዚያ በኋላ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እኔ ሳልናገር አልተንቀሳቀሰም።

ሐጂ ኑሪ ሲመጣ ፀሐዩ ከአናት አልፏል። ካርዱ እኔ ዘንድ እንደቀረ ያውቃል፤ ባዶ እጁን ዘረጋ። «ዛሬስ ወዴት ነኝ? ከተጠመቅሁ አይቀር ጠጁን ላግኝ» አለ። በቀኝ በኩል ብዬ ገፋሁት። ጠጅ በሌለበት ቦታ ምን ዓይነት ሠርግ ነው እያለ፣ በሕይወቱ ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ እየሳቀ ገባ።

የመጨረሻው እንግዳ ከገባ በኋላ ወልዴ መጣ። ሁለቱንም ድንኳን ዞሮ ጠይቋል። የሳተ ሰው የለም። እጄን ይዞ በሁለቱ ድንኳኖች መሀል ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝና እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ነበር። ለኔ ከቀኙ፣ ለሱ ከግራው መጣልንና ጎን ለጎን በላን። ከአርብ ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ ያኔ ነው የለቀቅሁት። እንባዬም መጣ፤ የሚጥሚጣው ነው አልኩት። ወልዴ ክትፎው እኮ ገና አልቀረበም አለኝ።

ነገሩን የማያውቀው እንግዳ በስሙ ተጠርቶ መግባቱን ክብር አድርጎ ወሰደው። በሳምንቱ አንድ የአረቅጥ ሰው ለልጁ ሠርግ ካርድ ሊያዝ መጥቶ ያን «በር ላይ ስም የሚጠራ ሽማግሌ» አብሮ እንድልክለት ጠየቀኝ። ሽማግሌው እኔ ነኝ አልኩት። ቅር አለው፤ ረዘም ያለ ሰው ነበር የጠበቀው።

ሐያት በሠርጉ ማግስት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሞራ ነው ተባለ፤ ተገፈፈ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ፊት ነው። ጸጉሯ ጥቂት ሽበት አውጥቷል። መቼ አወጣሽ ብላት ዓመት ሊሞላው ነው አለችኝ። ብርዑን አልቀማችኝም። ከማሽኑ ጀርባ ያለውን መስኮት አስፍታ አሠራች፤ ሰማያዊ ቀለምም ሁለት ሁለት እየገዛች ብፌው ውስጥ ታስቀምጣለች።

ቤት ስመለስ የዚያን ዓመት ናሙናዎች አውጥቼ አየሁ። ሌሎች ሁለት ሥራዎች ላይም ቀለሙ ልክ አልነበረም። ባለቤቶቹ አይተው ዝም ብለውኛል፤ ሽማግሌ ነው ብለው ይሆናል። ሁለቱንም ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ።

አሁንም እጽፋለሁ። ሁለቱም ብርዕ አለኝ። ስም የሚጠራልኝን ሰው ግን ቀድሜ የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ስም ለየብቻ በሁለት ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ወረቀቶቹን ሠርጉ እስኪያልፍ አልጥልም። በማሽኑ ላይ መብራት ብልጭ ካለች ሰው ጠርቼ አሳያለሁ።

ይህን ሥራ ለጀመራችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ቅጠል ስታወጡ በቀን ብርሃን ለሌላ ሰው ዓይን ሳታሳዩ ሁለተኛውን አታውጡ። ዓይናችሁ ሲደክም ደግሞ ደከመ በሉ።